ሐረጎን በየቀኑ ለሚወጣ አይሱዙ ኤንፒአር ፍሪሲዮን አቀያየር

ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚያች አጭር መንገድ ግን መኪናው ከ1,850 ሜትር ገደማ ተነስቶ ወደ 2,500 ሜትር ይወጣል። ሐረጎ በሚባለው የዚህ መንገድ ዳገት ላይ ጭነት ይዞ ከተሳቢ ኋላ የተሰለፈ ኤንፒአር በአንድ ጉዞ ስንት ጊዜ ቆሞ ስንት ጊዜ እንደሚነሳ ሹፌሩ ያውቀዋል። ፍሪሲዮን፣ ማለትም ሞተሩን ከካምቢዮው (ከማርሽ ሳጥኑ) የሚያገናኘውና የሚለየው ክፍል፣ የሚበላው ደግሞ መኪናው ሲነሳ ነው፤ ከያዘ በኋላ ሸራውና (ዲስኩ ላይ ያለው የሚፋተገው ልባስ) ቮላኖው (ሞተሩ ጀርባ የሚዞረው ከባድ ክብ ብረት) አንድ ላይ ስለሚዞሩ መፋተግ የለም። ስለዚህ በዚህ መስመር የሚሠራ መኪና ሸራ ቶሎ ቢጨርስ አይገርምም። የሚገርመው አዲስ ሸራ የገባለት መኪና በሦስተኛው ወር ካምቢዮውን እንደገና ሲያወርድ ነው። ያ የሚሆነው ሸራው ተቀይሮ ሸራውን የገደለው ነገር ባለበት ሲቀር ነው።

ከዚህ በታች ያለው በ4ኤችኤፍ1፣ በ4ኤችጂ1 እና በመሰል ሞተሮች ለሚሠራ፣ ፍሪሲዮኑ በዘይት ግፊት ለሚታዘዝ ኤንፒአር ነው። ከፍ ላለው አይሱዙ ለኤፍኤስአርም አካሄዱ ያው ነው፤ ሁሉም ነገር ይከብዳል እንጂ አይለወጥም። አውቶማቲክ ፒካፕ ያላችሁ ግን ይህ አይመለከታችሁም።

ካምቢዮ ሳይወርድ የሚታይ

ፍሪሲዮን ወይ አይዝም፣ ወይ አይለቅም። ሁለቱን አንድ አድርጎ "ፍሪሲዮን አልቋል" ማለት ለባለ መኪናው ውድ ነው፤ የማይለቅ ፍሪሲዮን ብዙ ጊዜ ጎሚኒ (የዘይት ፖምፓው ውስጥ ያለውን ላስቲክ) በመቀየር ይድናልና።

የማይዝ ከሆነ ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናው ግን አይከተልም፤ ዳገት ላይ የተቃጠለ ሽታ ይመጣል። ለማረጋገጥ መኪናውን ሜዳ ላይ አቁሙ፣ የእጅ ፍሬን ያዙ፣ 4ኛ ማርሽ አስገቡ፣ ዙሩን ወደ 1,500 አድርሳችሁ ፔዳሉን ቀስ ብላችሁ ልቀቁት። ጤነኛ ፍሪሲዮን ሞተሩን ወዲያው ያጠፋዋል። ሞተሩ መዞሩን ከቀጠለ ሸራው እየተንሸራተተ ነው። ፈተናውን አትደጋግሙት፣ ራሱ ሸራ ያቃጥላል።

እዚህ ላይ ብዙ ጋራዥ የሚዘልለው አንድ ምርመራ አለ። ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ሳለ ካምቢዮው ጎን ያለውን የታችኛውን ፖምፓ የአየር ማውጫ ብሎን ትንሽ ላላ አድርጉት። ማንም ፔዳል ሳይረግጥ ዘይት በግፊት ፊጭ ብሎ ከወጣና ፍሪሲዮኑ ወዲያው መያዝ ከጀመረ ችግሩ ከሸራው ሳይሆን ፔዳሉ ጋ ካለው ከላይኛው ፖምፓ ነው። ፔዳሉ ሲለቀቅ ዘይቱ ወደ ዕቃው የሚመለስባት ቀዳዳ ተዘግታለች፤ ወይ ጎሚኒው አብጧል፣ ወይ ገፊው ዘንግ ረዝሞ ፒስተኑን ሙሉ በሙሉ እንዳይመለስ ይዞታል። የሚያብጠው አብዛኛውን ጊዜ የፍሬን ዘይት ሲጎድል የሞተር ዘይት ወይም ናፍጣ የነካ ነገር ስለተጨመረበት ነው። እንዲህ ያለ መኪና ላይ አዲስ ሸራ ብታስገቡ እግር እንደተጫነበት ስለሚሄድ እሱም ይቃጠላል።

የማይለቅ ሲሆን ደግሞ ማርሽ ይጮኻል፣ በተለይ የኋላ ማርሽ። ሞተሩ ቀስ ብሎ እየዞረ ፔዳሉን እስከ መጨረሻው ርገጡ፣ አራት ሰኮንድ ያህል ጠብቁ፣ ከዚያ የኋላ ማርሽ አስገቡ። ከጮኸ አልለቀቀም። አሁን ፔዳሉን ሁለት ሦስት ጊዜ በፍጥነት ረግጣችሁ ሞክሩ። ከተሻለው አየር ገብቷል ወይም ጎሚኒ ያሳልፋል። የታችኛውን ፖምፓ የአቧራ ላስቲክ ገለጥ አድርጉ፤ ውስጡ እርጥብ ከሆነ ፍርዱ ተሰጠ። ጎሚኒ ስትቀይሩ የፖምፓውን ውስጥ በጣት ዳስሱ። ጭረት ከተሰማ ጎሚኒው ብቻውን ስለማይቆይ ሙሉ ፖምፓ ቀይሩ። ክፍሎቹን በፍሬን ዘይት እጠቡ፤ ቤንዚንና ናፍጣ ጎሚኒ ያበላሻሉ።

ድምፅም ይመራል። ፎሌ ላይ (ማርሽ ሳይገባ) ፔዳሉ ሳይረገጥ ጉርምርም የሚል፣ ሲረገጥ የሚጠፋ ድምፅ የካምቢዮው የፊት ኩሽኔታ ነው። ሲረገጥ የሚጀምር ፉጨት የፍሪሲዮን ኩሽኔታ ነው። ፔዳሉ ተረግጦ ማርሽ ገብቶ መኪናው ቆሞ ሳለ የሚጮኸው ደግሞ ቮላኖው መሃል ያለችው ትንሿ ፓይለት ኩሽኔታ ልትሆን ትችላለች፤ በዚያች ቅጽበት የካምቢዮው ዘንግ ቆሞ ክራንኩ (የሞተሩ ዋና ዘንግ) ብቻ ይዞራል፣ ኩሽኔታዋም መሃል ላይ ትሠራለች።

ምን ይገዛል

አንዱን ቀይሮ ሌላውን መተው ርካሽ ይመስላል። ካምቢዮ ማውረድ ግን የሥራው ትልቁ ድካም ስለሆነ አንዴ ከወረደ ዲስኩ፣ ዲስኩን ቮላኖው ላይ የሚጫነው ፕሬዠር ፕሌት፣ የፍሪሲዮን ኩሽኔታው እና ፓይለት ኩሽኔታው አብረው ይቀየራሉ። የክራንኩ የኋላ ኦይል ሲልና የካምቢዮው የፊት ኦይል ሲል ተገዝተው ይቀመጡ። የታችኛው ፖምፓ ጎሚኒ፣ ግማሽ ሊትር ዶት 3 የፍሬን ዘይት፣ ትንሽ ሙቀት የሚችል ግራሶ፣ ቤንዚንና ንጹሕ ጨርቅ ጨምሩበት።

"የኤንፒአር ስጠኝ" ብሎ መግዛት አያዋጣም። በሞተሩ ዓይነትና በተሠራበት ዓመት 300 ሚሊሜትር የሆነ ዲስክም አለ፣ 325 የሆነም አለ፤ የመሃል ጥርሱም ይለያያል። የድሮውን ዲስክ ይዛችሁ ሂዱ፦ የውጭ ስፋቱን፣ የሸራውን የውስጥ ስፋት፣ የመሃሉን ጥርስ ብዛት አመሳክሩ። ከሁሉ የሚሻለው ካምቢዮው ወርዶ ዲስኩን በራሱ ዘንግ ላይ አስገብቶ ማየት ነው፤ ያለ ማስገደድ ወደፊትና ወደኋላ መንሸራተት አለበት፣ ግን ግራ ቀኝ መወላወል የለበትም። ስለዚህ ሱቁ የሚመልስ ከሆነ ብቻ አስቀድማችሁ ግዙ።

ሱቅ ውስጥ ዲስኩን በዓይናችሁ ደረጃ አንስታችሁ በጠርዙ በኩል ተመልከቱ፤ የተጣመመ ከሆነ ይታያል። ምንጮቹን በጣት ስትነቀንቁ መንኳኳት የለባቸውም። የሪቬቶቹ ራስ ከሸራው ፊት ሁሉም እኩል ጠልቀው ይቀመጡ። ፕሬዠር ፕሌቱን ጠፍጣፋ መስታወት ላይ አስቀምጣችሁ የመሃሉን ጣቶች ቁመት በማስመሪያ ለኩ፤ አንዱ ከሌላው አንድ ሚሊሜትር ያህል ከበለጠ ወይ ካነሰ አትውሰዱት፣ ሲነሳ ይንቀጠቀጣል። ስሙ የታተመበት ካርቶን ምንም አያረጋግጥም፤ ካርቶን ማተም ቀላል ነው።

የድሮውን ሸራ አስነቅሎ አዲስ ሸራ በሪቬት ማስመታት እዚህ የተለመደ ነው፣ እኛም አናወግዘውም። ነገር ግን የመሃል ጥርሱ ካልተበላ፣ ምንጮቹ ካልላሉ፣ በሁለቱ ሸራዎች መሃል ያሉት የሞገድ ቅርጽ ያላቸው ስስ ቆርቆሮዎች ካልተደፈጠጡ ብቻ ነው። እነዚያ ቆርቆሮዎች ናቸው ፍሪሲዮን ቀስ ብሎ እንዲይዝ የሚያደርጉት፤ ከተደፈጠጡ መኪናው ዘልሎ ይነሳል። በሙጫ ብቻ የተለጠፈ ሸራ ግን ለጭነት መኪና አይሆንም፤ ሲግል ይላቀቃል፣ ሲበተንም ካምፓናውን (ፍሪሲዮኑን የሚሸፍነውን የካምቢዮ ቤት) ይሰብራል።

ከመፍታት በፊት

ደሴ ላይ ሜዳ ማግኘት ራሱ ሥራ ነው፤ ቢሆንም ተዳፋት ላይ ይህን ሥራ አትጀምሩ። ምክንያቱ የኤንፒአር የእጅ ፍሬን ከካምቢዮው ኋላ ባለው ታምቡር ላይ ነው የሚይዘው። ወደ ዲፈረንሻል የሚሄደው ትራንስሚሽን በተፈታች ቅጽበት የእጅ ፍሬኑ ከጎማው ጋር ያለው ግንኙነት ይቋረጣል፤ እስከ መጨረሻው ብትስቡትም መኪናው ነጻ ነው። ማርሽ ማስገባትም አይረዳም። አንድ የኋላ ጎማ በክሪክ ብቻ ሲነሳም እንዲሁ ነው፤ ዲፈረንሻሉ የተነሳውን ጎማ ያዞርና መሬት ላይ ያለውን ይለቀዋል። ስለዚህ ጭነቱ ይውረድ፣ አራቱም አቅጣጫ ላይ ትልልቅ የእንጨት ወይም የብረት ታኮ ይግባ። ክብ ድንጋይ ታኮ አይደለም። ሻሲውን የሚሸከመው ካቫሌቶ (የብረት መቆሚያ) ይሁን፤ ክሪክ ያነሳል እንጂ አይሸከምም።

የባትሪውን ኔጌቲቭ አስቀድማችሁ ንቀሉ። መኪናው 24 ቮልት ነው፤ የሞተሪኖው (የሞተር ማስነሻው) ወፍራም ገመድ ሻሲ ከነካ ቁልፍ ያቀልጣል። ጋቢናውን ስትገለብጡ ውስጡ ያለውን ጃክ፣ ቴርሞስና ጀሪካን አውጡ፣ የመደገፊያው መቆለፊያ መግባቱንም በዓይን እዩ፤ ያለዚያ ማንም አንገቱን ከሥሩ አያስገባ። ጋቢናው ሲነሳ የካምቢዮው የላይኛው ብሎኖች ከላይ ይደረሳሉ፤ ያ በኤንፒአር ያለ ትልቅ ምቾት ነው።

ማውረድ

ትራንስሚሽኑን ከመፍታት በፊት ሁለቱን ፍላንጆች በቀለም ወይም በሾለ ብረት አቋርጣችሁ ምልክት አድርጉ። በምልክቱ ካልተመለሰ ከ50 በላይ ሲሄድ ይንቀጠቀጣል፣ ከዚያ ጥፋቱ ክሮቸራው (የትራንስሚሽኑ መስቀል መገጣጠሚያ) ላይ ይደፋል። የፍላንጁን ብሎኖችና ዳዶዎች ለብቻ ቆርቆሮ ውስጥ አስቀምጡ፣ ከሌላ ጋር አይደባለቁ።

የማርሽ ገመዶቹን ከካምቢዮው በኩል ፍቱ፤ የትኛው የት እንደነበር ፎቶ አንሱ። ማስተካከያ ዳዶውን ግን አትንኩ፤ መገጣጠሚያው ላይ ፒን አውጥቶ መለየት ይሻላል፣ ያለዚያ ማርሹን እንደገና ማስተካከል የግማሽ ቀን ሥራ ይሆናል። የኋላ ማርሽ መብራት ሶኬት፣ የፍጥነት መለኪያው ገመድ፣ የእጅ ፍሬኑ ገመድ ይፈቱ። የታችኛውን ፖምፓ ቱቦውን ሳትፈቱ ከነቱቦው አንስታችሁ በሽቦ ሻሲ ላይ አንጠልጥሉት፤ ያኔ አየር አይገባም። ግን ፖምፓው ተንጠልጥሎ ሳለ ማንም ፔዳል እንዳይረግጥ ለረዳቱ ንገሩት፤ ፒስተኑ ዘልሎ ይወጣል።

ሞተሪኖውን አውርዱ። የሞተሩን ኋላ ካርቴሩ (የዘይት ገንዳው) ላይ ሳይሆን ጠንካራ ቦታ ላይ በእንጨት ደግፉ። ካምቢዮው ሱፖርቶ ካለው እሱን ፍቱ። አሁን ካምቢዮውን ክሪክ ላይ አሳርፉት፣ ከታች አስፍታችሁ በገመድ እሰሩት። ሁለት ሰው በእጁ የሚቆጣጠረው ክብደት አይደለም። የካምፓናውን ብሎኖች ስትፈቱ አንድ የላይኛና አንድ የጎን ብሎን እስከ መጨረሻው ይቆዩ፤ ክሪኩ ክብደቱን በትክክል መያዙን ካረጋገጣችሁ በኋላ ይውጡ። ካምቢዮው ቀጥ ብሎ ወደኋላ ይሳብ፤ የፊት ዘንጉ ከዲስኩ ሙሉ በሙሉ ሳይወጣ ካምቢዮው ወደታች ከወረደ ክብደቱ ዲስኩ ላይ ይንጠለጠላል፣ ዲስኩም ይጣመማል። አሮጌው ዲስክ ስለሆነ ምን ችግር አለው ትሉ ይሆናል፤ ዘንጉም ይጎዳል።

ካምፓናው ሲከፈት ውስጡ ያለውን ጥቁር አቧራ በኮምፕረሰር አትንፉት። የቆዩ ሸራዎች አስቤስቶስ ሊኖራቸው ይችላል፣ የሚነፋው ደግሞ ወደ ሳንባ ይገባል። በውሃ በራሰ ጨርቅ ጥረጉት።

የወረደው ምን ይናገራል

ይህ የሥራው ልብ ነው፤ እዚህ ላይ አትቸኩሉ። አሮጌውን ዲስክ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣችሁ በብርሃን እዩት።

ሸራው እኩል ተበልቶ ሪቬቱ ጋ የደረሰ ከሆነ ዕድሜውን ጨርሷል፤ ከሸራው ፊት እስከ ሪቬቱ ራስ 0.3 ሚሊሜትር ካልቀረ አብቅቷል። ሸራው ወፍራም ሆኖ ሳለ የሚያብረቀርቅ፣ ጥቁርና ጠጣር ከሆነ ግን አላለቀም፣ ተቃጥሏል። ይህ የሹፌር እግር፣ ከአቅም በላይ ጭነት፣ ወይም ከላይ የተናገርነው የማይመለስ ዘይት ሥራ ነው። ሸራው ላይ ዘይት ካለ ከየት እንደመጣ ሳታውቁ አዲሱን አታስገቡ። ዘይቱን በነጭ ጨርቅ ንኩት፦ የናፍጣ ሞተር ዘይት ጥላሸት ስለሚይዝ ጥቁር ነው፤ የካምቢዮ ዘይት ነጣ ያለ ነው። ጥቁር ከሆነ የክራንኩ የኋላ ኦይል ሲል፣ ነጣ ካለ የካምቢዮው የፊት ኦይል ሲል ይቀየራል። ኦይል ሲሉን ብቻ ቀይራችሁ ሥራ ጨረስን አትበሉ፤ የሞተሩ መተንፈሻ ቱቦ ተዘግቶ ከሆነ ግፊቱ አዲሱንም ያሳልፈዋል። ዘንጉ ላይ ኦይል ሲሉ የሚያርፍበት ቦታ ጥፍር የሚይዝ ቦይ ካለው ሲሉን ሁለት ሚሊሜትር ያህል ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ አሳርፉት፣ አዲሱ ከንፈር ባልተበላው ቦታ ይቀመጥ።

አንዱ ፊት ብቻ የተበላ ዲስክ የመሃል ጥርሱ ዘንጉ ላይ አልንሸራተት እያለ እንደነበር ይናገራል፤ የዘንጉን ጥርስ ዳስሱ፣ ደረጃ ካወጣ አዲሱንም ይይዘዋል። የመሃሉ ምንጮች የተሰበሩ ከሆነ መኪናው ሲነሳ ፔዳሉ በድንጋጤ ይለቀቅ ነበር ማለት ነው፣ ወይም ካምቢዮው መሃል ላይ ቀጥ ብሎ አልተቀመጠም ነበር፤ ካምፓናውና ሞተሩ የሚጋጠሙበትን ፊት ጭቃና ዝገት አጽዱ፣ ማማከያ ፒኖቹ መኖራቸውን እዩ። አንድ ፒን የጠፋበት ካምቢዮ ስንት ሸራ እንደሚበላ ማመን ያስቸግራል።

ቮላኖውን ደግሞ ፊቱን በቤንዚን አጥባችሁ እዩት። ሰማያዊ ነጠብጣብ የሙቀት ምልክት ነው። ፀጉር የመሰሉ ስስ ስንጥቆች በቶርኖ (በብረት መላጫ ማሽን) ይወጣሉ፤ ጥፍር የሚይዙ፣ እስከ ብሎን ቀዳዳ ወይም እስከ ጠርዝ የሚደርሱ ከሆኑ ግን ቮላኖው ይጣል። በ3,000 ዙር የሚዞር ብረት ሲፈነዳ ጋቢናው ከላዩ ነው፣ ቀልድ አይደለም። ቶርኖ ቤት ስትወስዱት ባለሙያው ልብ እንዲል የምትነግሩት አንድ ነገር አለ፦ ፕሬዠር ፕሌቱ የሚታሰርበት ፊት ሸራው ከሚያርፍበት ፊት ከፍ ወይም ዝቅ ያለ ደረጃ ከሆነ ከሁለቱም ፊት እኩል መላጥ አለበት። ከሸራው ፊት አንድ ሚሊሜትር ተልጦ የብሎኑ ፊት ካልተነካ፣ ዲስኩ ከፕሬዠር ፕሌቱ በአንድ ሚሊሜትር ስለሚርቅ አዲሱ ሸራ ከመጀመሪያው ቀን የተበላ ያህል ይሠራል። ሐረጎ ላይ ይታወቃል።

ቮላኖውን የክራንክ ላይ የሚያስሩት ብሎኖች ከሌሎቹ የተለዩ ናቸው፤ አጠባበቃቸውን ከሞተሩ መጽሐፍ ተከተሉ፣ በግምት አትሰሩ፣ የተለጠጠም መልሳችሁ አታስገቡ።

መግጠም

ፓይለት ኩሽኔታዋን በቮላኖው መሃል ጠርዟን ብቻ እየመታችሁ አስገቡ፤ መሃሏን ከመታችሁ ገና ሳትሠራ ትበላሻለች። የፍሪሲዮን ኩሽኔታው በውስጡ ግራሶ ተሞልቶ የታሸገ ነው፤ በቤንዚን ማጠብ ግራሶውን ማውጣት ነውና በደረቅ ጨርቅ ብቻ ይጠረግ። ኩሽኔታውን የሚገፋው ሹካ የሚደገፍበት ጉብታና ኩሽኔታው የሚንሸራተትበት ቱቦ ላይ ስስ ግራሶ ቀቡ። ቱቦው ላይ ቦይ ካለ ፔዳሉ ይንቀጠቀጣል፣ ቱቦውንም ቀይሩ።

አዲሱ ፕሬዠር ፕሌት ዝገት መከላከያ ዘይት ተቀብቶ ይመጣል። ፊቱን በቤንዚን አጥባችሁ አድርቁት። ከዚህ በኋላ ሸራውንም ፊቶቹንም በዘይት እጅ የነካ ረዳት ይባረር።

ዲስኩ አቅጣጫ አለው። ብዙዎቹ ላይ የቮላኖ ወይም የካምቢዮ ጎን ተብሎ ተጽፏል። ካልተጻፈ በአብዛኛው የመሃሉ ምንጭ ያለበት ጎበጥ ያለው ወገን ወደ ካምቢዮው ነው። ተገልብጦ ከገባ ጉብታው የቮላኖውን ብሎኖች ይነካል፣ ፍሪሲዮኑም አይለቅም፤ ያ ማለት ካምቢዮው ይወርዳል። የዘንጉን ጥርስ ላይ ግራሶ በጣት ነክታችሁ ቀቡ፣ ዲስኩን ሁለት ጊዜ አመላልሱት፣ የተረፈውን ጥረጉ። ብዙ ግራሶ ሲግል ይቀልጥና ወደ ሸራው ይረጫል።

ዲስኩን መሃል ለማድረግ ከተጣለ ካምቢዮ የወጣ አሮጌ የፊት ዘንግ ከሁሉ ይሻላል። ቶርኖ ቤት ከጠንካራ እንጨት አስቀርጾ መያዝም ይቻላል፦ አንዱ ጫፍ ፓይለት ኩሽኔታው ውስጥ ልክ የሚገባ፣ ቀጥሎ የዲስኩን ጥርስ ልክ የሚሞላ። ፕሬዠር ፕሌቱን በማማከያ ፒኖቹ ላይ አሳርፋችሁ ብሎኖቹን በእጅ ጀምሩ፣ ከዚያ ተቃራኒ ተቃራኒውን አንድ አንድ ዙር እያላችሁ ሳቡ። አንዱን እስከ መጨረሻ አጥብቆ ወደ ሌላው መሄድ ጣቶቹን ያጣምማል። መጽሐፍ ካላችሁ የመጽሐፉን ልክ ያዙ። ከሌላችሁ ራሱ ላይ 8.8 የተጻፈበት ብሎን 8 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ወደ 25፣ 10 ሚሊሜትር የሆነው ወደ 48፣ 12 ሚሊሜትር የሆነው ወደ 85 ኒውተን ሜትር በቶርክ ሬንች ይጠብቃል። በጃፓን መኪና ላይ አብዛኛውን ጊዜ 12 ቁልፍ የሚገባበት ብሎን 8 ሚሊሜትር፣ 14 ቁልፍ የሚገባበት 10 ሚሊሜትር ነው። ሲጨርሱ እንጨቱ ወይም ዘንጉ በእጅ ያለ ጉልበት መውጣትና መግባት አለበት።

ካምቢዮውን ስትመልሱ አንድ ማርሽ ውስጥ አስገቡት፤ አንድ ሰው ከኋላ ፍላንጁን ቀስ እያለ ሲያዞር የዘንጉ ጥርስ የዲስኩን ጥርስ ያገኛል። ካምቢዮው ከሞተሩ ጋር በእጅ ግፊት ብቻ መገጣጠም አለበት። ሁለት ሳንቲ ሲቀር ካቆመ በብሎን ስባችሁ አታምጡት! ወይ ዲስኩ መሃል የለም፣ ወይ ካምቢዮው አንግሉን አጥቷል፣ ወይ ኩሽኔታው ከሹካው ወርዷል። በብሎን መሳብ የካምፓናውን ጆሮ ይሰብራል ወይም ፓይለት ኩሽኔታዋን ይደፈጥጣል፤ ሁለቱም ብዙ ያስወጣሉ። ከገባ በኋላ ብሎኖቹን፣ ሞተሪኖውን፣ ገመዶቹን፣ ትራንስሚሽኑን በምልክቱ መልሱ። ታኮዎቹ እስከ መጨረሻው አይነሱ።

አየር ማስወጣትና ማስተካከል

የታችኛው ፖምፓ ካልተከፈተ አየር ላይኖር ይችላል፤ ጎሚኒ ከተቀየረ ግን ግድ ነው። ማውጫው ብሎን ላይ ግልጽ ላስቲክ ቱቦ ሰክታችሁ ሌላውን ጫፍ ትንሽ የፍሬን ዘይት ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ንከሩት። አንዱ ይርገጥና ይያዝ፤ ሌላው ይክፈት፣ ይዝጋ፤ ከዚያ ብቻ ፔዳሉ ይለቀቅ። አረፋ እስኪያልቅ ድገሙት፣ የላይኛው ዕቃ እንዳይደርቅ ግን እየሞላችሁ። አረፋው አላልቅ ካለ ማውጫው ብሎን ከቱቦው መግቢያ በታች እንዳይሆን እዩ፤ ፖምፓው ተገልብጦ የታሰረ ከሆነ አየሩ ላይ ይቀራል።

የላይኛው ፖምፓ ገፊ ዘንግ ፒስተኑን ከመንካቱ በፊት አንድ ሚሊሜትር ያህል ልቅ ይሁን፤ ይህ የተዘጋውን ቀዳዳ ችግር የሚከላከል ልቅነት ነው። የታችኛው ዘንግ ማስተካከያ ያለው ከሆነ ሹካው ላይ ሁለት ሦስት ሚሊሜትር ልቅነት ተዉ። ዘንጉ በምንጭ ሁልጊዜ ተጭኖ የሚቀመጥ ዓይነት ከሆነ ደግሞ ልቅነት ፈልጋችሁ አታስተካክሉ፣ ራሱን ያስተካክላል። የጭስ ማውጫ ፍሬን ያለው መኪና ከሆነ ፔዳሉ ላይ ያለው ማብሪያ ፔዳሉ ሲለቀቅ ኤሌክትሪኩን ማገናኘቱን ሞክሩ፤ ሐረጎን ሲወርድ ያ ፍሬን ካልሠራ የጎማው ፍሬን ብቻውን ይቀራል።

የመጀመሪያዎቹ ቀናትና ሹፌሩ

አዲስ ሸራ ከቮላኖው ጋር እስኪላመድ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ቀላል ጭነት ይበቃዋል። ኮምቦልቻ ከተማ ውስጥ ሜዳው ላይ እየቆሙ መነሳት ከደሴ ተዳፋት ይሻላል። ዛሬ ገጥሞ ነገ ሙሉ ጭነት ይዞ ከደረቅ ወደቡ ወደ ደሴ መውጣት አዲሱን ሸራ ማብረቅረቅ ነው።

ብዙ ሹፌር ጭነት ይዞም በ2ኛ ማርሽ ይነሳል። 1ኛው ማርሽ ዙሩን የ2ኛውን እጥፍ ገደማ ስለሚያሳንስ፣ በ2ኛ ሲነሱ ሸራው ላይ የሚፈጠረው ሙቀት በሜዳ እንኳ ከሦስት እስከ አራት እጥፍ ይሆናል፤ ዳገት ላይ ከዚያም ይብሳል። በ2,500 ሜትር ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ከአምስት አንድ እጅ በላይ የሳሳ ስለሆነ ተርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱ ይቀንሳል፣ ሹፌሩም ያንን በጋዝና በፍሪሲዮን ለማካካስ ይሞክራል። መልሱ ሁልጊዜ 1ኛ ማርሽ ነው። ዳገት ላይ ለመቆየት በፍሪሲዮን አይንጠልጠሉ፤ የእጅ ፍሬን ይሳቡ።

ቁልቁለት ላይ ደግሞ የተለየ አደጋ አለ። ፔዳሉን ረግጦ ማርሽ ውስጥ እንደገባ የሚወርድ መኪና ሞተሩ ቀስ ብሎ ይዞራል፣ ዲስኩን ግን ጎማው ነው የሚያዞረው። አንድ መኪና በ2ኛ ማርሽ 3,000 ዙር ላይ 25 ኪሎ ሜትር በሰዓት የሚሄድ ከሆነ፣ 2ኛ ውስጥ ገብቶ ፔዳሉ ተረግጦ በ75 ሲወርድ ዲስኩ 9,000 ዙር ይዞራል። ሸራው ለዚያ አልተሠራም፤ ከሪቬቱ ተገንጥሎ ይበተናል። ሹፌሩ ሞተሩ ስላልጮኸ ምንም አላስተዋለም፣ ታች ሲደርስ ብቻ ማርሽ አይይዝለትም። እንዲህ የተበተነ ዲስክ ሲወርድ ሸራው የለም፣ ቆርቆሮው ግን ደህና ነው፤ ከዚያ ይታወቃል። በፎሌ መውረድም ያው ሞኝነት ነው፤ ዲስኩ ቢድንም ፍሬኑ ይቃጠላል።

ከ1,000 ኪሎ ሜትር በኋላ የካምፓናውን ብሎኖችና የትራንስሚሽኑን ፍላንጅ ዳዶዎች በቁልፍ ሞክሩ፤ የዘይቱን ዕቃ ደረጃ እዩ። ካምፓናው ሥር ያለችውን ትንሽ ቀዳዳ በነጭ ጨርቅ ጥረጉ። ደረቅ ከሆነች መኪናውን ልቀቁት። ጥቁር ጠብታ ካለ የክራንኩ ኦይል ሲል ሥራ አልያዘም፤ ጭነት ሳይጨመርና ሸራው ሳይነካ ካምቢዮው ቶሎ ይውረድ።